ወይኖ በሬ ሩጫ የጀመረ ጊዜ

ዝም በሉ! ተረት ልነግራችሁ ነው። «እሺ» በሉኝ።

ምንድነው ይሄ ማጉተምተም? ጮክ ብላችሁ «እሺ» በሉ! እንዲህ ነው።

ዛሬ ላስደስታችሁ አይደለም የማወራው። ተናድጄ ነው። ጠዋት ቱታዬን ለብሼ፣ ሸራ ጫማዬን አጥብቄ አስሬ፣ በዚህ በግንቡ ሥር ቀስ እያልኩ ስሮጥ፣ አንተ ሸዋንግዛው ከተቀመጥክበት ሳትነሳ «እትዬ የሺመቤት፣ ማን እያባረረዎት ነው?» አልከኝ። የተቀመጣችሁት ሁሉ ሳቃችሁ። አንዷ ደግሞ «ጉልበትዎ ቢሰበር ማን ያስታምምዎታል?» አለች። ስሟን አልጠራም፤ ይኸው አንገቷን ደፍታለች። እሁድ የሰፈራችን ሩጫ አለ። ተመዝግቤያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ አዎ፣ በዚሁ ዕድሜዬ! እስከዚያው ይህቺን ስሙና፣ ከጨረስኩ በኋላ መሳቅ ያሰኘው ይሳቅ።

ድሮ ድሮ ነው። እንስሳው ሁሉ አፍ ነበረው። እንስሳው ብቻ መሰላችሁ? ቀንበሩ ይናገራል፣ ጅራፉ ይናገራል፣ አጥሩ እንኳ ይናገራል። በዚያ ጊዜ ወይኖ የሚባል በሬ ነበር። ከወይፈንነቱ ጀምሮ ሲያርስና እህል ሲያበራይ የኖረ፣ ሌላ ነገር የማያውቅ በሬ። አንድ ዓመት ጌታው አዲስ ወይፈን አመጣና ወይኖን ከቀንበር ፈታው። ፈታው ስላችሁ አመሰገነው እንዳይመስላችሁ። አውድማው ዳር ጭድ ጣለለትና ረሳው።

ችግሩ ጭዱ ነው። የወይኖ ጥርስ አልቋል። ጭዱን ያላምጣል፣ ያላምጣል፣ አይደቅለትም። ሆዱ ባዶውን ያድራል። ሊበላ የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከኮረብታው ማዶ ያለው የመስኩ ሣር። ክረምቱን ሙሉ ማንም እንዳይረግጠው ታጥሮ የሚከርም፣ ለምለም፣ ጥርስ የሌለው እንኳ የሚግጠው ሣር። ያንን ሣር ካላገኘ በጋውን አይሻገርም። ይሄን እሱ ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል። ሲያርስ በነበረበት ዘመን ሣሩ ታጭዶ አፉ ድረስ ይመጣለት ነበር። አሁን ግን ማን ያጭድለታል?

መስኩ በጥቅምት ይከፈታል። ግን እንዲሁ ዘው አይባልም። ከአውድማው ተነስቶ፣ ኮረብታውን ወጥቶ ወርዶ፣ በገዛ እግሩ ሮጦ የደረሰ ይገባል። ሕጉ ይሄ ነው፣ ሌላ የለውም። ለምን በሩጫ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የድሮዎቹ እንዲህ አሉ፣ አለቀ። ሦስት ቅዳሜ ይሮጣል። በመጀመሪያው ያልሆነለት በሁለተኛው፣ በሁለተኛው ያልሆነለት በሦስተኛው ይሞክራል። ከዚያ በኋላ በሩ እስከ ከርሞ ይዘጋል።

«እሮጣለሁ» አለ ወይኖ።

አውድማው ዳር አብረውት የተጣሉ አንዲት አንካሳ አህያና እመት ቡሬ የምትባል አሮጊት ላም ነበሩ። «ምን አልክ?» አለችው ላሟ።

«እሮጣለሁ አልኩ።»

«አያ ወይኖ፣ ምን ነካህ? አሁን በዚህ ዕድሜህ ብትሮጥ ሰው ምን ይላል? አርፈህ ጭድህን ብላ!»

«ጭዱ አይበላልኝም!»

«እኔስ ይበላልኛል? ዝም ብዬ ተቀምጬ የለ?»

«አዎ፣ ዝም ብለሽ ትሞቻለሽ!» አለ ወይኖ። በንዴት ነው የተናገረው፣ ግን አልዋሸም። እመት ቡሬ ተቀይማ ፊቷን አዞረች።

አውድማው አጠገብ ባለው በረት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀንበር ይሄን ሰምቶ በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ አንገትህ ላይ ካልተጫንኩ እግርህን ማንሳት ትችላለህ እንዴ?»

ጅራፉም አጠገቡ ተንጠልጥሎ «እኔስ? እኔ ካልጮኽኩ አንድ እርምጃ ሄደህ ታውቃለህ?» አለ።

ወይኖ ደሙ ፈላ። እውነትም ያለ እነሱ ሄዶ አያውቅም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

በማግስቱ ጠዋት ጀመረ። መንገዱ ዳር እስካለው ቁልቋል ሮጦ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ዶሮዎቹ ሳቁ። በሚቀጥለው ቀን ከቁልቋሉ ትንሽ አለፈ። ዶሮዎቹ አሁንም ሳቁ። ጉልበቱ አበጠ፣ ሆዱ ጮኸ፣ እሱ ግን ማልዶ ይነሳል። «ሥራ ፈት መሳቂያ አያጣም፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። አገባው እንጂ! እየሮጠ እያንዳንዱን ሳቅ ይሰማ ነበር። ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል። ሸዋንግዛው፣ ወዴት ነው የምታየው? ወደዚህ እያየህ ስማ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። እንስሳው ሁሉ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። የሩጫው አለቃ ዳማ የሚባል ፈረስ ነው። ጋማው ተጎንጉኖ፣ ገብስ በልቶ ጠግቦ ወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል። ወይኖን ሲያየው ቆመ።

«አያ ወይኖ፣ እርሻው እኮ በዚያ በኩል ነው።»

«እርሻ አይደለም የመጣሁት። ልሮጥ ነው።»

«ልትሮጥ? ወይ ጉድ! በሉ ቦታ ልቀቁለት፣ ነፋሱ እንዳይጥላችሁ!»

እንስሳው ሳቀ። ወይኖ ጥርሱን ነከሰ፣ የቀረችውን ማለቴ ነው። «ተነሱ!» ተባለ፣ ተነሱ። ፈረሱ በረረ፣ ፍየሏ ዘለለች፣ በጉ ተከተለ። ወይኖም አንገቱን ደፍቶ ሮጠ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሮጠ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «አሁንስ ደርሻለሁ» ብሎ ቀና ቢል፣ አውድማው! እመት ቡሬ ፊት ለፊቱ ቆማ ታየዋለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ዕድሜ ልኩን አውድማ ላይ እየዞረ ሲያበራይ የኖረ እግር ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ከየት ይምጣለት? ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያለ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ የተነሳበት ቦታ ላይ ቁጭ።

«እህሉስ ተበራየ?» አለ ቀንበሩ።

«ምርቱ ስንት ሆነ?» አለ ጅራፉ።

ዳማም ከኮረብታው አናት ሆኖ እያሽካካ «አያ ወይኖ፣ እኛ ወደዚህ ነን!» ብሎ ጮኸ።

ወይኖ ያን ጊዜ አገሳ። «ይሄን እግር እንዲህ ያደረገው ማን ነው? አንተ የምትበላውን ገብስ ሳበራይ አይደለም እንዴ? ገብሱ ሲጣፍጥህ እግሬ ትዝ ብሎህ ያውቃል?» አለ። ፈረሱ ግን ኮረብታውን ወርዶ ሄዷል። ማን ይስማው?

ሳምንቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ መሄድ ተማረ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ለእሱ ከማረስ የከበደ ነበር። ኮረብታው ወገብ ላይ አንድ ግራር አለ። ዓይኑን ግራሩ ላይ ተክሎ ይሄዳል። እግሩ ወደ ግራ ሲጎትተው «ተው!» ይለዋል። ይጎትተዋል፣ «ተው አልኩ!» ይለዋል። እመት ቡሬ ጭዷ ላይ ተኝታ በአንድ ዓይኗ ታየዋለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። «ተነሱ!» ተባለ። ወይኖ ዓይኑን ግራሩ ላይ ተከለ፣ ቀጥ አለ። ወደ ግራ የለም፣ ወደ ቀኝ የለም። ግራሩ ደረሰ። ግራሩን አለፈ! ልቡ በደስታ ዘለለ። ከግራሩ ጥቂት እንዳለፈ ግን እግሩ ገታ አለ፣ ዞረ፣ ቁልቁል ተመለሰ። ታች ሲደርስ እንደገና ዞረ፣ ሽቅብ ወጣ። ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ወረደ፣ ዞረ፣ ወጣ።

ይሄስ ምንድነው አትሉም? ትልም ነዋ! በሬ ሲያርስ ትልሙ ሲያልቅ ይዞራል፣ ሌላ ትልም ይዞ ይመለሳል። ስንት ዘመን የለመደው ነው። «ዙር» ያለው ሳይኖር ይዞራል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ያችን ዳገት ሲመላለስባት ዋለ።

«ኮረብታውን አረሰው እኮ!» አለ ዳማ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «አያ ወይኖ፣ ምን ልትዘራበት ነው? ጤፍ ነው ባቄላ?»

ወይኖ ወደ አውድማው ተመልሶ ወደቀ። አለቀሰ። ከሐዘን አይደለም፣ ከንዴት ነው። የገዛ እግሩ የእሱ አልሆነለትም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ሆኖ ኖሮ አሁን ጌታውን አያውቀውም። ከዚህ የሚያናድድ ምን አለ? እስቲ ንገሩኝ!

እመት ቡሬ ቀስ ብላ መጣች።

«ልትስቂ ነው የመጣሽው?» አላት።

«አልሳቅኩም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«ግራሩን አልፈህ ነበር» አለች። «እዚህ ሆኜ አየሁህ።» ይሄንኑ ብላ ተመልሳ ጭዷ ላይ ተኛች።

ዳማ ግን እየሳቀ መተኛት አልቻለም። «ይሄ ሽማግሌ ተስፋ አይቆርጥም እኮ» አለ በሆዱ። «በሦስተኛው ከደረሰ የአውድማው አሮጌ ሁሉ ተነስቶ ይመጣል። ሣሩን ሊጨርሱብን ነው።» አስቦ አስቦ ጅራፉን አስጠራው።

«ቅዳሜ ሁለት ነገር አደርጋለሁ» አለው። «አንደኛ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ በሩ ይዘጋል ብዬ አውጃለሁ። እሱ ቀርፋፋ ነው፣ አይደርስም። ምናልባት የሚደርስ ከመሰለ ደግሞ አንተ ከኋላው ሄደህ ግረፈው።»

«ከገረፍኩትማ ይደርሳል!» አለ ጅራፉ።

«ይድረስ! በገዛ እግሩ የደረሰ ይግባ አይደል ሕጉ? በጅራፍ ነው የመጣው ብለን እንመልሰዋለን።»

ጅራፉ ደስታው ሌላ ነበር። ወይኖን ሳይገርፍ ስንት ወር ሆኖት!

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። የመጨረሻው ነው። ወይኖ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። እንስሳው ተሰበሰበ። ዳማም ጉሮሮውን ጠርጎ «ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይ ሳትገባ የደረሰ ብቻ ነው የሚገባው» አለ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ ወይኖ። «የድሮዎቹ በገዛ እግሩ የደረሰ ነው ያሉት። ፀሐይን ማን ጨመራት?»

«እኔ ጨመርኳት። ቅር ያለው አለ?»

ፍየሏ ዝም። በጉ ዝም። በቅሎዋ ዝም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሕጉን የማያውቅ አንድም አልነበረም፣ ግን ሁሉም ዝም! እናንተም ብትኖሩ ዝም ትሉ ነበር። አትነቅንቅብኝ ራስህን፣ አውቃችኋለሁ።

«ተነሱ!» ተባለ።

ወይኖ ተነሳ። ዓይኑን ግራሩ ላይ ተከለ። እግሩ ወደ ግራ ሲል «ተው!» አለው፣ ተወ። ግራሩን አለፈ። ትልሙ አለቀና እግሩ ሊዞር ሲል «አትዞርም! ማንም ዙር አላለህም!» ብሎ ጮኸበት፣ እግሩም ፈርቶ ቀጥ አለ። ደግሞ ሊዞር ሲል ደግሞ ጮኸበት። እንዲህ ከገዛ እግሩ ጋር እየተጨቃጨቀ የኮረብታው አናት ላይ ወጣ። በሕይወቱ ወጥቶበት የማያውቀው አናት! ማዶው ታየው። መስኩ ታየው። የሣሩ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ፣ ምራቁ ዝርግፍ አለ። ፀሐይ ግን አዘቅዝቃለች።

ያኔ ከኋላው «ጧ!» አለ።

እግሩ ሳይጠይቀው ተፈናጠረ። «ጧ!» ሲል ደግሞ ሸመጠጠ። ሩጫ ሆነለት! ቁልቁለቱን ይበረው ጀመር።

«አየህ?» አለ ጅራፉ እየተስለከለከ። «ያለ እኔ አይሆንልህም ብዬህ አልነበር? ፀሐይዋ ገና ናት፣ ትንሽ ነው የቀረህ። ዝም ብለህ ተገረፍና ድረስ።»

እውነቱን ነው፣ ይደርስ ነበር። በሩ ክፍት መሆኑ ይታየዋል። ሆዱ «ሩጥ!» ይለዋል። ወይኖ ግን ቆመ። በርሃብ እየሞተ፣ ሣሩ እየሸተተው፣ ቆመ! ዞሮም በሰኮናው የጅራፉን ወገብ ረገጠው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በአንተ ሄጃለሁ» አለው። «ይሄን መንገድ ግን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የምጨርሰውም እኔ ነኝ። ሰማህ?»

«ኧረ ወገቤን! ኧረ ልቀቀኝ!» ጅራፉ ተንጫጫ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ዳማ ነው የላከኝ! ብትደርስም በጅራፍ ነው የመጣኸው ብሎ ሊመልስህ ነበር!»

ወይኖ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ ደም ለበሰ። ጅራፉን ጥሎት ሮጠ። አሁን ማንም አይገርፈውም፣ ንዴቱ ብቻ ነው ያለው። ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ይሮጣል። ሳንባው ይቃጠላል፣ ይሮጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ገባች። በሩም ተዘጋ።

የእሾህ በር ነው፣ ወፍራም። «ክፈት!» አለው ወይኖ።

«ጌታው፣ መዘጋቱን አያዩም እንዴ?» አለ በሩ።

«አሁን እኮ ነው የዘጋኸው! በዓይኔ አየሁህ!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው። አለቃው ካልፈቀዱ አልከፍትም።»

«አለቃውን ጥራው!»

«ራት ላይ ናቸው። ለከርሞ ይምጡ።»

ለከርሞ ይምጡ! ጥርስ ለሌለው፣ በጋውን ለማይሻገር በሬ፣ ለከርሞ ይምጡ! ይሄን በር እኔም አውቀዋለሁ፣ ስንት ቦታ አግኝቼዋለሁ።

ዳማ ሣር እያላመጠ ብቅ አለ። «አያ ወይኖ፣ አዘንኩልህ» አለ። «ግን ተመልከት፣ ሁሉም ገብቷል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ለአንድ ለመጨረሻ ሰው ብለን በር አንከፍትም።»

ወይኖ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት፣ ከኋላው የሚያቃስት ነገር ሰማ። ዞር አለ። ቁልቁለቱን እየተንገዳገደች፣ ምላሷን አውጥታ የምትመጣው እመት ቡሬ ናት። ከእሷም ኋላ የአውድማው አንካሳ አህያ፣ በሦስት እግሯ እየነጠረች።

«እመት ቡሬ!» አለ ወይኖ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን እሠራለሁ? ሮጬ ነዋ!» አለች ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ዝም ብለሽ ትሞቻለሽ አላልከኝም? ስድብህ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። ዛሬ ግራሩን አልፈህ ስትጠፋብኝ ተነሳሁ። እሷም እኔን አይታ ተነሳች። ጅራፉን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ እኔም ረግጬው አለፍኩ።»

ወይኖ እነሱን አየ፣ በሩን አየ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተናደደው ለራሱ ነበር። ለራሱ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዚያው በሩ ሥር ወድቆ ይቀር ነበር።

«የመጨረሻው እኔ አይደለሁም» አለ።

አንገቱን ዝቅ አደረገ። ያ አንገት ስንት ዘመን ቀንበር ተሸክሞ መሬት የሰነጠቀ አንገት ነው፤ እሾህ ምን ያደርገዋል? ቀንዱን ከበሩ ሥር አግብቶ ገፋ።

«ምን እያደረጉ ነው?» በሩ ጮኸ። «ሕግ አለ እኮ!»

«ሕጉን አውቀዋለሁ! በገዛ እግሩ የደረሰ ይገባል!» እያለ ገፋ። እሾሁ ግንባሩን ቀደደው፣ ገፋ። ደሙ አፍንጫው ላይ ወረደ፣ ገፋ። በሩ ተሰነጠቀ፣ ተገነደሰ፣ ወደቀ። ዳማ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ግቢ» አላት እመት ቡሬን። ገባች። «አንቺም ግቢ» አላት አህያዋን። ገባች። እሱ ወደ ኋላው ተመለከተ፣ የሚመጣ ሌላ ካለ ብሎ። ሲያጣ ገባ።

በጉ ያን ጊዜ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ ወይኖ፣ እውነት ያለው ከአንተ ጋር ነው። ሕጉ እኮ ፀሐይ የሚል የለበትም» አለው። ፍየሏም «እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች።

ወይኖ በደም የተሸፈነ ግንባሩን ወደ እነሱ አዞረ። «ጠዋት አፋችሁ የት ነበር?» አላቸው።

መልስም ሳይጠብቅ አጎንብሶ ሣሩን ጋጠ። ጥርስ በሌለው አፉ ጋጠ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ጋጠ።

ምን አልክ ሸዋንግዛው? «ሣሩስ በቃቸው ወይ» ነው ያልከው? ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። በቃቸው! ለፈረሱም በቃ፣ ለበጉም በቃ፣ ለነወይኖም በቃ። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ አላለቀም ነበር፣ ዝናብ አበሰበሰው። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው! አንሶ ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር። ተርፎ ለሚበሰብስ ሣር ነው በሩን የዘጉት።

ተረቴ ይኸው ነው፤ መሬት ላይ ጥዬላችኋለሁ፣ የፈለገ ያንሳው። ከተረቱ የምትይዙት ደግሞ ይሄን ነው፦ አርጅቶ የሚሮጥ ስታዩ በር ለመዝጋት አትቸኩሉ። መጨረሻ ነው ከምትሉት ሰው ኋላ፣ እሱን አይቶ የተነሳ ሌላ ሰው እየመጣ ነው።